ቢጫውን የሸፈንንበት ወርቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዚህ እትም ስለ ወርቅ ቀለም እንድንጽፍ ከመጽሔት ክፍሉ ተነግሮናል። ስለ ወርቅ ሲነሣ በሰንበት ትምህርት ቤት የሚሰጠው ትምህርት የታወቀ ነው። አሮን ያቀለጠው ጥጃ፣ አካን በድንኳኑ የቀበረው ወርቅ፣ ሰብአ ሰገል ያመጡት እጅ መንሻ፣ በእሳት የሚፈተን እምነት እየተባለ ይዘረዘራል። እኛም ይህንኑ ጽፈን ልንሰጥ አስበን ነበር። ዳሩ ግን ለዝግጅቱ በተሰበሰብንበት ማታ ከመካከላችን አንዱ ወንድማችን፣ «እኛ ራሳችን በወርቅ ቀለም የሠራነው ሥራ እያለ ስለ አካን ምን እናወራለን?» አለ። ሁላችንም ዝም አልን። የትኛውን ሥራ እንደሚል ለማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። ስለሆነም ይህ ጽሑፍ ግማሹ ስብከት ግማሹ ኑዛዜ ቢሆንባችሁ እንድትታገሡን እንለምናለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2010 ዓ.ም. አብዛኞቻችን የዘጠነኛና የዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን። ኅዳር 21 ቀን የሚከበረውን የጽዮን ማርያምን በዓል ምክንያት በማድረግ ወደ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሄደን እንድናገለግል ተወሰነ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከከተማ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ከተሄደ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል በእግር የምትደረስ፣ ክብ ሆና በእንጨትና በጭቃ የተሠራች፣ ቆርቆሮ የለበሰች ናት። ስሟን አንጠቅስም፤ ጥፋቱ የእኛ እንጂ የእርሷ አይደለምና። ሻማ ሸጥን፣ ቶምቦላ አዘጋጀን፣ ከቤተሰቦቻችንም ለመንን። በተሰበሰበው ገንዘብ ጧፍና ዕጣን፣ ምንጣፍ፣ ለመጋረጃ የሚሆን ወርቀ ዘቦ፣ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር ደግሞ አራት ጣሳ የወርቅ ቀለም ገዛን።

የወርቁን ቀለም የገዛንበት ምክንያት አስቀድመው ቦታውን አይተው የመጡት አባሎቻችን ባቀረቡት ሪፖርት ነው። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ሸራ በአንደኛው እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ በቀኝና በግራዋ ቅዱስ ሚካኤልና ቅዱስ ገብርኤል ሰይፍ ይዘው ቆመው ተሥለዋል። በአራቱም ራስ ዙሪያ ያለው የብርሃን አክሊል ግን ወርቅ ሳይሆን ተራ ቢጫ ነበር። ሪፖርቱ ላይ «አክሊሉ ስለ ደበዘዘ መታደስ ይኖርበታል» ተብሎ ተጻፈ። አሁን ስናስበው አልደበዘዘም ነበር። እኛ ግን በከተማ አብያተ ክርስቲያናት የሚያንጸባርቀውን ለምደን ስለ ነበር ቢጫውን እንደ ድህነት ምልክት ቆጠርነው። እውነቱን ለመናገር አፈርንበት።

ቄሰ ገበዙ ጣሳዎቹን ባዩ ጊዜ ወደ ሥዕሉ ቀና ብለው ቆዩና፣ «ልጆቼ፣ ይህ ቢጫ ምን አጠፋ?» ሲሉ ጠየቁን።

«አባታችን፣ የምንቀባው እኮ ወርቅ ነው። ለእመቤታችን የሚገባት ወርቅ ነው» አልናቸው።

«እንግዲህ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ» አሉ። በዚያን ጊዜ እንደ ምስጋና ተቀበልነው።

መሰላሉን የያዘልን አንድ የቆሎ ተማሪ ነበር። ዕድሜው ከዐሥራ ሁለት አይበልጥም። ደበሎውን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ በባዶ እግሩ ከምንጩ ውኃ እያመላለሰ ሲያገለግለን ዋለ። ሲመሻሽ ሥራችንን ጨርሰን ከመጋረጃው የተረፈውን ወርቀ ዘቦ ስናጥፍ ቀረብ አለና አንዲቱን እኅታችንን፣ «እትዬ፣ ከዚህ ጨርቅ ቁራጭ ይተርፋችኋል? ሌሊቱ ይበርዳል» አላት። እርሷም፣ «ይህ የመቅደስ ጨርቅ ነው፤ ሰው አይለብሰውም። ደግሞም ወርቀ ዘቦ አያሞቅም» አለችው። ማንኛችንም አልተቃወምንም። እውነትም ነው፤ ወርቀ ዘቦ አያሞቅም። ጋቢ ግን በየሻንጣችን ነበረን።

ልጁ «እሺ» ብሎ ሄደ።

በዚያች ሌሊት ማኅሌት ተቆመ። መጋረጃው ሲገለጥ በጧፉ ብርሃን አራቱ አክሊሎች እንደ እሳት አንጸባረቁ፤ እናቶች እልል አሉ፤ አንድ አዛውንት ጎንበስ ብለው መሬት ሳሙ። ወደ ከተማ ስንመለስ የምስጋና ወረቀት ተሰጠን። የተረፈውንም ሁለት ሜትር ተኩል ወርቀ ዘቦ ይዘን ተመለስን።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም.፣ ከዚያው ጓድ ስድስታችን አንድ ላይ ለመሳለም ወደዚያች ቤተ ክርስቲያን ሄድን። አሁን ሁላችንም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ጤፉ ለአጨዳ ደርሶ ነበርና መንገዱን ሁሉ በቢጫ መካከል ተጓዝን። ይህን የምንነግራችሁ ለማሳመር አይደለም፤ አንዱ ወንድማችን በመንገድ ላይ፣ «ይህን ማን በወርቅ ይቀባዋል?» ብሎ ስላሳቀንና ሳቁ ከደረስን በኋላ ስለ ተጸጸተን ነው።

ሥዕሉ ፊት ስንቆም ወርቁ የለም። አክሊሎቹ የቡና አተላ መስለዋል። ግድግዳው እርጥበት ባለበት በቅዱስ ሚካኤል በኩል ደግሞ ዳር ዳሩን አረንጓዴ ዝገት ይዞታል። ፊቶቹ እንደ ቀድሞው ናቸው፤ ዓይኖቻቸው ያዩናል፤ በራሳቸው ዙሪያ ግን እኛ ያኖርነው ጥቁር ክብ አለ። ኬሚስትሪ የሚያጠናው ወንድማችን ነገሩ ወዲያው ገባው። በጣሳ የሚሸጠው «የወርቅ ቀለም» አብዛኛውን ጊዜ ወርቅ የሚባል ነገር የለበትም፤ የመዳብና የዚንክ ድቃቂ በቅባት ተለውሶ ነው። ለጥቂት ጊዜ ያንጸባርቃል። ከዚያ እርጥበት፣ አየርና የቅባቱ አሲድ መዳቡን ይበላዋል፤ ይጠቁራል ወይም ይዝጋል። እውነተኛ ወርቅ አይዝግም፤ ብቻውን የሆነ ተራ አሲድም አይበላውም።

ከመካከላችን አንዱ በጥፍሩ ሊፍቅ እጁን ሲሰነዝር ሌላው ያዘው። ሌላው ደግሞ (ማን እንደ ሆነ አንጽፍም) «የተሻለ ቀለም ገዝተን እንደገና እንቀባው» አለ። ቄሰ ገበዙ ይህን ሲሰሙ፣ «ይብቃ፣ ልጆቼ» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም። እንግዳ መጥቶ ስለ ጥቁረቱ ሲጠይቃቸው ምን እንደሚሉ ጠየቅናቸው። «የዕጣን ጢስ ነው እላለሁ። ዕጣኑስ ቢሆን መቼ አጣው?» አሉና ፈገግ አሉ። እኛ ቢጫውን በሐሰተኛ ወርቅ ሸፈንን፤ እርሳቸው ደግሞ ሰባት ዓመት ሙሉ የእኛን ጥፋት በዕጣን ሲሸፍኑ ኖረዋል።

ከዚያም ወደ ዳር ወሰዱንና የመጋረጃውን ሠቃይ እንጨት ከፍ አድርገው አሳዩን። በቅዱስ ገብርኤል አክሊል ጫፍ ላይ፣ ብሩሻችን ከእንጨቱ ኋላ ባልደረሰበት ቦታ፣ መዳፍ የምታህል ቢጫ ቀርታለች። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ጨለም ያለ ነው። አንዲቱ እኅታችን ጧፍ ልትለኩስ ስትል፣ «ለዚህ ጧፍ አያስፈልገውም» አሉ። አላስፈለገውም። በድንግዝግዙ ውስጥ ያቺ መዳፍ የምታህል ቢጫ ብቻዋን ታበራ ነበር።

ስለዚያ ልጅ ጠየቅን። «ቅኔ ሊቆጥር ተሻግሯል። ወዴት እንደ ሆነ አላወቅሁም፤ ጎበዝ ተማሪ ወጥቶት ነበር» አሉን።

እንግዲህ ወገኖቻችን፣ ከዚያ ከተመለስን ወዲህ ይህ ነገር ዕረፍት ስለ ነሣን ስለ ወርቅና ስለ ቢጫ ስንጠይቅ፣ ስናነብና ስንከራከር ቆይተናል። ያገኘነውን እናካፍላችሁ።

በመጀመሪያ «ወርቅ የሌለው ድሃ ሠዓሊ ቢጫ ቀባ» ብለን ያሰብነው ነገር ሰፋ ካለ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በቁስጥንጥንያና በሌሎችም የክርስቲያን ከተሞች ሠዓልያን ወርቅን በመዶሻ ቀጥቅጠው እጅግ ስስ ቅጠል ያደርጉታል። አንድ ግራም ወርቅ ተቀጥቅጦ አንድ ካሬ ሜትር ያህል ሊሸፍን ይችላል። ይህን ቅጠል በሥዕሉ መደብ ላይ ይለጥፉታል፤ ወይም በሁለት ብርጭቆ መካከል አድርገው ይቆርጡትና ጠጠር ለጠጠር ግድግዳ ላይ ይደረድሩታል። በእኛ አገር ሥዕልና ብራና ላይ ግን የወርቅ ቅጠል እምብዛም አይገኝም። በእርሱ ቦታ ቢጫ አለ፤ ከቢጫ አፈር የተፈጨ፣ ወይም አርሴኒክና ድኝ ከተዋሐዱበት ማዕድን የተዘጋጀ። ይህኛው ማዕድን መርዝነት ያለው ነው፤ ነገር ግን ድምቀቱ ወርቅን ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በ1963 ወደ ተመሠረተው ወደ ኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ወደ ነበረው፣ ጎራ ብላችሁ የቆዩትን የገበታ ሥዕሎች ብታዩ ያን ቢጫ ታገኙታላችሁ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468) የነበረው ፍሬ ጽዮን ስሙ የተጻፈበት የእመቤታችን ሥዕል በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት ይገኛል። እርሱን የመሰሉ ሊቃነ ሥዕል ነበሩ። ስለዚህ ቢጫው የአላዋቂ እጅ ሥራ አይደለም።

ወርቅ በአገሩ ጠፍቶም አይደለም። የአክሱም ነገሥታት ከእንዱቢስ ጀምሮ፣ ማለት እ.ኤ.አ. ከ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ፣ የወርቅ ሳንቲም ያስመቱ ነበር። በ6ኛው መቶ ዓመት አዱሊስን ያየው ነጋዴ ኮስማስ እንደ ጻፈው፣ የአክሱም ንጉሥ መልእክተኞች በአገው አገር በኩል ወርቅ ወዳለበት ወደ ሳሱ ይወርዱ ነበር። በዚያም ሥጋ፣ ጨውና ብረት አስቀምጠው ገለል ይላሉ፤ ባላገሮቹ መጥተው በወደዱት ነገር ላይ ግብጦ የሚያህሉ የወርቅ እንክብሎች ያኖራሉ። ቋንቋ ሳይነጋገሩ እንዲህ ይገበያዩ ነበር።

እኛን እጅግ ያስደነቀን ግን የወርቁ ሳንቲም አይደለም። የወርቁ ሳንቲም የግሪክ ጽሑፍ ይዞ ባሕር ይሻገር ነበር። በአገር ቤት ገበያ የሚዘዋወረው መዳቡ ነው። በአንዳንድ የአክሱም የብርና የመዳብ ሳንቲሞች ላይ ታዲያ፣ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ መካከል፣ ጥቂት የወርቅ ልባጥ ተደርጎበታል። ሌሎች መንግሥታት በዚያን ዘመን ለገበያ ሳንቲም እንዲህ ያለ ድካም አይደክሙም ነበር። እስቲ አስቡት፤ ያቺ ሳንቲም የምትገባው በጨው ሻጭ፣ በእንጨት ለቃሚ እጅ ነው። ዕድሜ ልኩን የወርቅ ሳንቲም የማይዝ ሰው በመዳቡ መካከል የስንዴ ፍሬ የምታህል ወርቅ ያያል፤ እርሷም በመስቀሉ ላይ ናት። ከንጉሡ ግምጃ ቤት ወርቅ እስከ ገበያተኛው መዳፍ ድረስ ወረደች ማለት ነው። በእኛ በኩል የሆነው ግን ተገላቢጦሹ ነው፤ ከእጃችን የነበረውን ሁሉ ወደ ግድግዳው ሰቀልነው።

ስለ ቢጫውና ስለ ጧፉ ደግሞ የፊዚክስ ተማሪ የሆነችው እኅታችን የነገረችንን ስሙ። የተወለወለ ወርቅ እንደ መስተዋት ነው። የመጣለትን ብርሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ይመልሰዋል። ስለዚህ በትክክለኛው ቦታ ለቆመ ሰው ይነድዳል፤ ከዚያ ቦታ ፈቀቅ ላለ ሰው ግን ጥቁር ቡናማ ሆኖ ይታያል። የቁስጥንጥንያ ባለ እጆች ይህን ያውቁ ነበርና ጠጠሮቹን አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ አዘንብለው ይተክሏቸው ነበር። ተፈጭቶ የተበጠበጠ ቢጫ ቀለም ግን ደቃቅ ቅንጣት ስለ ሆነ የደረሰውን ጥቂት ብርሃን በየአቅጣጫው ይበትነዋል። በስተ ቀኝ ለቆመውም፣ በስተ ግራ ለቆመውም፣ በሩ አጠገብ ተደግፎ ለቆመው ለመጨረሻው ሰውም እኩል ቢጫ ነው።

ይህን በሰማን ጊዜ የቄሰ ገበዙ ጥያቄ ተመልሶ መጣብን። ይህ ቢጫ ምን አጠፋ? ምንም አላጠፋም። ያለ ጧፍ የሚያበራ፣ ሰው ሳይመርጥ የሚያበራ ቀለም ነበር። እኛ ደግሞ ጧፍ በበራበት ሌሊት፣ ከፊቱ ለቆምነው ለእኛ የሚያንጸባርቅ ነገር ደረብንበት።

በዓሉም የኅዳር ጽዮን ነበር። ስለ ታቦተ ጽዮን በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 25 ስታነቡ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሙሴ ታቦቱን በጥሩ ወርቅ እንዲለብጠው ሲታዘዝ በውጭ ብቻ አልነበረም፤ በውስጡም ጭምር ነው። በውስጥ ያለውን ወርቅ ማን ያየዋል? ታቦቱ ከተከደነ በኋላ ሕዝቡ አያየውም፤ በዓመት አንድ ቀን የሚገባው ሊቀ ካህናትም አይከፍተውም። ለሰው ዓይን ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ወርቅ ባከነ ይባል ነበር። ይኸው ሕዝብ ጥቂት ቆይቶ በምዕራፍ 32 ከሴቶቹና ከልጆቹ ጆሮ ጉትቻ አውልቆ ጥጃውን ሠራ። ወርቁ ያው ከግብፅ የወጣው ወርቅ ነው። ጥጃው ግን ውስጡ ምን እንደ ነበረ የጠየቀ ሰው የለም፤ ሲታይ ማማሩ በቃቸው።

አሁን ወደ ልጁ እንመለስ፤ ሳንመለስበት ብንቀር ደስ ባለን ነበር።

በቤተ ክርስቲያናችን ከሚወደዱት አባቶች አንዱ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ነው። ስሙ ራሱ ከያዝነው ጉዳይ ነው፤ ትምህርቱ ስለ ጣፈጠ አፉ ወርቅ ተባለ። በአንጾኪያ ተወልዶ በዚያው ሲሰብክ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ398 የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። አፈ ወርቅ የተባለው ይህ አባት ወርቅን በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ የጠየቀ ሰው ነበር። የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም ከሰበካቸው ትምህርቶች በአንዱ የሚለው አሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ክርስቶስን በመቅደስ ውስጥ ወርቅ በተሠራበት ጨርቅ እያከበርህ፣ በደጅ በብርድ ራቁቱን የቆመውን እርሱኑ አትለፈው፤ ተራበ ያለህ ራሱ ነውና አስቀድመህ የተራበውን አጥግብ፣ ከተረፈህ ማዕዱን አስጊጥ። ንዋየ ቅድሳት አይሠራ አላለም። ቅደም ተከተሉን ነው የተናገረው።

ይህን ስናነብ ከእኛ መካከል ያቺ እኅታችን መጽሐፉን ዘጋች። ወርቅ የተሠራበት ጨርቅ፣ ብርድ፣ ደጅ፤ ሁሉም አለ። ከዐሥራ ስድስት መቶ ዓመት በፊት በአንጾኪያ የተሰበከ ስብከት የእኛን ማታ ይተርካል። እኛ ግን በዚያች ማታ የምንሠራው ለክርስቶስ መስሎን ነበር። ከሁሉ የሚያስፈራን ይህ ነው፤ በክፋት አላደረግነውም። በጾምና በጸሎት ተዘጋጅተን፣ ጫማችንን አውልቀን፣ መዝሙር እየዘመርን ነው ያደረግነው።

አፈ ወርቅ ስለ ተናገረው ነገር ዋጋ ከፍሏል። የመንበረ ጵጵስናውን ወጪ ቀንሶ ለሕሙማን ማረፊያ እንዲውል አደረገ፤ ባለጸጎችን ገሠጸ፤ ከንግሥቲቱ ከአውዶክስያ ጋር ተጣላ። እ.ኤ.አ. በ404 ለመጨረሻ ጊዜ በተሰደደበት ጊዜ በተነሣው ሁከት ያስተምርበት የነበረው ታላቁ ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ። በ407 እያዳፉ ሲወስዱት በመንገድ ላይ ዐረፈ። ዛሬ ሰው የሚደነቅበት፣ በወርቅ ጠጠር ያጌጠው ሕንፃ ከእርሱ በኋላ ከ532 እስከ 537 በዮስጢንያኖስ ዘመን የተሠራ ነው። ያን ወርቅ አፈ ወርቅ አላየውም። በዚያው በዮስጢንያኖስ ዘመን የእኛው ንጉሥ ካሌብ ከናግራን ዘመቻ በኋላ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ ራሱ በበዓት እንደ ተቀመጠ ይነገራል። ከራሱ ላይ ወርቅ ያወረደ ንጉሥ ይገርማል፤ እኛ ከሻንጣችን ጋቢ አላወረድንም።

ልጁ ቅኔ ሊቆጥር ሄደ መባሉንም አስበነዋል። በቅኔ ቤት ከሚሰጠው ትምህርት አንዱ ሰምና ወርቅ ነው። ስሙ ከአንጥረኛ ቤት የመጣ ነው። አንጥረኛው ሊሠራ ያሰበውን በሰም ያበጃል፤ ሰሙን በጭቃ ይመርገዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ በቀዳዳው ይወጣል፤ በባዶው ስፍራ የቀለጠ ወርቅ ይፈስሳል። ጭቃው ሲሰበር ወርቁ በሰሙ መልክ ይገኛል። ሰሙ ለዓይን የሚታየው፣ ወርቁ ግን ውስጡ ያለው ነው። በዚያች ማታ በፊታችን ሁለት ነገር ነበረ፤ አንደኛው በጣሳ ያለ የሚያንጸባርቅ ቀለም፣ ሁለተኛው ደበሎ የለበሰ ልጅ። ማናቸው ሰም ማናቸው ወርቅ እንደ ሆነ የሚለይ ከእኛ አንድ እንኳ አልነበረም። ልጁ ዛሬ በአንድ ቅኔ ቤት ጥላ ሥር ተቀምጦ ይህንኑ ሲለይ ይውል ይሆናል። ብናገኘው ይቅርታ እንጠይቀው ነበር። የክርስትና ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም።

ስለ ሥዕሉ የሚሆነውን እንንገራችሁ። ቀለሙን በራሳችን እንዳንፍቅና እንዳናጥብ በሙያው የሠለጠነ ሰው መክሮናል፤ የላዩ ሲነሣ የታቹም አብሮ ሊነሣ ይችላልና። ደብሩ ከሀገረ ስብከቱ ጋር ተነጋግሮ ባለሙያ እስኪያይ ድረስ እንዳለ ይቆያል። ቢጫው ከሥር አለ ወይስ በልቶታል የሚለው ገና ያልታየ ነገር ነው። ቄሰ ገበዙ ያቺን መዳፍ የምታህል ስፍራ የመጋረጃው እንጨት እንዳይፈትጋት ጨርቅ ጠቅልለውበታል።

ስለ ወርቀ ዘቦውም አንድ ነገር ቀርቷል። ከሰባት ዓመት በፊት ይዘነው የተመለስነው ሁለት ሜትር ተኩል ጨርቅ አልጠፋም። ይህን መጽሔት በምናጥፍበትና በምንሰፋበት በጽሕፈት ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ተነጥፏል፤ ብዙዎቻችሁ ክርናችሁን አሳርፋችሁበታል፤ በአንድ በኩል የቀለም ጠብታ አለበት። የሰው ልብስ አይሆንም ተብሎ የጠረጴዛ ልብስ ሆነ። በመጪው እሑድ ከጉባኤ በኋላ ከጠረጴዛው ላይ እናነሣውና ለዚያች ቤተ ክርስቲያን እንመልሳለን። በእርሱ ቦታ ባዶው ጠረጴዛ ላይ አንድ መዝገብ ይቀመጣል። በአሁኑ ጊዜ በዚያች ደብር ዐሥራ አራት የቆሎ ተማሪዎች አሉ። አንድ ጋቢ ብቻውን ወይም ከባልንጀራው ጋር ሆኖ መግዛት የሚችል አባል ስሙን ይጻፍበት። የእኛ የስድስታችን ስም በመጀመሪያው ገጽ ላይ አለ። ስምንት ይቀራል፤ ኅዳርም ሩቅ አይደለም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።